አንድ ጆሮ የሚያሞቀው ካስክ

እናቷ ያወጣችላት ስም ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ተጽፎ እዚያው ቀርቷል። ገና ድክ ድክ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ ወንበር ላይ ሲያስቀምጧት ወንበሩን ይዛ የምትሄድ፣ ማንኪያ ሲያቀብሏት የግድግዳ ሰዓት የምትፈታበት ፍጥረት ነበረች። ከጠዋት እስከ ማታ «እረፊ»፣ «አንቺ ልጅ፣ እረፊ አላልኩሽም» ሲባል ሲባል ቃሉ ስም ሆኖ ተለጠፈባት። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እረፊ ሲሏት «አቤት» ትላለች እንጂ አታርፍም። ትምህርቷንም ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው ጭንቅላት አጥታ ሳይሆን መቀመጫ አጥታ ነው ይላል አጎቷ።

እናቷ የፀጉር ቤት አላት። አንድ ክፍል፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ አንድ ማጠቢያ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ ሁለት ካስክ፤ ያ እንደ ድስት ራስ ላይ ተደፍቶ ሙቅ ነፋስ የሚነፋው ማድረቂያ። አንደኛው ደህና ነው። ሁለተኛው ግን አርጅቶ አንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚያሞቀው። ከሥሩ የተነሣች ሴት ግማሽ ራሷ ደርቆ ግማሹ እያንጠባጠበ ስለምትወጣ፣ እናትየው እዚያ የምታስቀምጠው ወረፋ ሲበዛባት ወይም ደንበኛዋን ስትጠላት ነው።

ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ የአጎትየው ነው። የእናቷ ታላቅ ወንድም ቡና ቆሊ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ሰፊ ብረት ምጣድ፣ በእንጨት እሳት፣ ለአንዲት ቡና ቤት ብቻ ሲቆላ የኖረ። ከምጣዱ ጋር ከመክረሙ የተነሣ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ ቀኝ እጁ ያማስላል ትላለች እህቱ። ባለፈው ዓመት ግን ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። ሐኪሙ አይቶ፣ አዳምጦ፣ «ወይ ጭሱን ወይ ትንፋሽህን፤ አንዱን ምረጥ» አለው። አጎትየው ሁለቱንም መርጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሁለቱን መምረጥ አልሆነም። ቡናው መሀል ላይ ሲደርስ ሳሉ ይነሣበታል፤ ማማሰያውን ጥሎ አጥሩን ተደግፎ ሲስል የታችኛው ፍሬ ያርራል፣ የላይኛው ጥሬውን ይቀራል። ሰኞ ዕለት የቡና ቤቷ ባለቤት ራሷ መጣች። ይህችን ሴትዮ ሰው ሁሉ «ኮስታራዋ» ነው የሚላት፤ ጥርሷን ያየው ጥርስ ሐኪሟ ብቻ ነው ይባላል። ጓሮው መሀል ቆማ መዳፏን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ስድስት ፍሬ አለ፤ ሁለቱ ከሰል የመሰሉ፣ ሦስቱ ቡናማ፣ አንዱ ገና ገብስ የመሰለ።

«ይሄ አንድ ምጣድ ነው ወይስ ጉባኤ?» አለችው።

አጎትየው የመለሰላት በሳል ነው። ሴትዮዋም ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ ከራሴ ጆንያ ሁለት ጣሳ ጥሬ ቡና እልካለሁ፣ ፊቴ ላይ ትቆላዋለህ፣ እኩል ከሆነ እንደ በፊቱ፣ ካልሆነ ግን ከተማው ዳር ባለ ትልቅ ማሽን ይቆላልኛል ብላ ሄደች።

አጎትየው ቅዳሜ ምጣዱ ፊት ወድቄ ብቀር እንኳ እቆላዋለሁ ብሎ ማለ። እህቱ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ መልሳ አለቀሰች። እረፊ ግን ከአንዱ ጥግ ወደ አንዱ ጥግ ስትመላለስ ቆየችና ውል ይዋዋሉ ዘንድ ጠየቀችው። እስከ ቅዳሜ ጭስ የሌለው መቁያ ትሠራለች። ቡናው እኩል ከተቆላ ምጣዱን እስከ ወዲያኛው አይነካም፤ ካልተቆላ እሷ ራሷ እንጨቱን ትፈልጥለታለች። አጎትየው ሳቀ። ሲስቅም ደረቱ አፏጨ። እሺ ያላት እንደማይሆንላት እርግጠኛ ስለነበረ ነው፤ እሷም ያን ስላወቀች ነው እልህ የያዛት።

ሐሳቡ የመጣላት እዚያው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። የአንዲት ሴትዮ ፀጉር በእጅ ማድረቂያው፣ ማለት በፎኑ፣ ስታደርቅ እንደ ልማዷ ሰለቻትና የፎኑን አፍ ወደ ጣሪያ አዙራ አንድ ቁራጭ ጥጥ ጣል አደረገችበት። ጥጡ አልወደቀም። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል፣ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ይነሣል። ለአንድ አፍታ እንኳ አያርፍም። እረፊ ራሷን በመስታወት ያየች መሰላት። ቡና እንዲህ ቢዘልስ? ምጣድ ላይ የሚያርረው የተኛው ፍሬ ነው። የማይተኛ ፍሬ ምን ያሳርረዋል?

ሴትዮዋ «ፀጉሬስ?» አለች። «እየመጣሁ ነው» አለቻትና ቡና ፍለጋ ወጣች።

የመጀመሪያው ሙከራ በፎኑ ሆነ። ከሥር የተበሳ ጣሳ ውስጥ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና አድርጋ ሙሉ ሰዓት ነፋችበት። ፎኑ ጋለ፣ እጇ ዛለ፣ ቡናው ለብ አለ። አጎትየው በጓሮው በር መጋረጃ ብቅ ብሎ አየና ፀጉሩ ደርቋል፣ አሁን ቢጎዲን ጠቅልዪለት ብሏት ሄደ። ነፋስ አለ፤ እሳት የለም።

ማክሰኞ እሳት አገኘች። እናትየው ምሳ ልታሞቅ ወደ ጓዳ ስትገባ የትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሸክላ አለ፣ እንደ ቢጎዲን የተጠቀለለው ሽቦዋ ግን የለም። ሽቦው ጣሳ ውስጥ ገብቶ ቀልቷል፣ ፎኑ ደግሞ ከታች እየነፋበት ነው። አሁን እሳቱ በዛና ነፋሱ አነሰ። ቡናው ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ሦስተኛው ላይ ተኛ፣ አራተኛው ላይ ከሰለ። እሳት ካየው ምን ለየው ይባላል፤ ይህን ተረት የተረተው ሰው ግን ቡና ቆልቶ አያውቅም።

በዚያው ቀን ነው አዲሷ የተቀጠረችው። ፀጉር አጣቢ ናት። ስሟን ሳይጠይቋት አዲሷ አሏትና በዚያው ቀረ። ታዛዥ ልጅ ናት፤ ጥፋቷ የታዘዘችውን ቃል በቃል መፈጸሟ ነው። ውሃውን ቀዝቀዝ አድርጊው ሲሏት ባልዲውን ደጅ አውጥታ ነፋስ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ገና በገባች በሰዓቷ እናትየው ከጓዳ «እረፊ!» ብላ ልጇን ስትጣራ፣ አዲሷ የያዘችውን የሰው ራስ ለቀቀችና እጇን አጣጥፋ ቆመች። ደንበኛዋ ማጠቢያው ውስጥ ሳሙና በዐይኗ እየገባ ጮኸች። የልጅቷ ስም ነው፣ አንቺን አይደለም ብለው አስረዷት። ገብቶኛል አለች። ግን በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚጠራን ስም እጅ በቀላሉ አይለምደውም፤ እረፊ በተባለ ቁጥር አዲሷ ማበጠሪያም ትያዝ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና ከዚያ በኋላ ታስታውሳለች። እረፊ ይህን ባየች ቁጥር በሳቅ ትፈርሳለች። ቅዳሜ እንደሚያስለቅሳት ማን ይነግራት።

ረቡዕ ጠዋት እናትየው ፀጉር ቤቱን ስትከፍት ያ አንድ ጆሮ የሚያሞቀው ካስክ ራስ የለውም። የሚደፋው ክዳኑ ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ አንገቱና የነፋስ ሞተሩ ብቻ ወደ ላይ ተገልብጠው ወለሉ ላይ ቆመዋል። እናትየው ወገቧን ይዛ ቆመች። ከዚያ የተናገረችው ብዙ ነው፣ እዚህ አይጻፍም። ባጭሩ ግን ካስኩ እስከ ቅዳሜ ማታ ወደ ቦታው ካልተመለሰ እረፊ ራሷ ቆማ በአፏ እየነፋች የደንበኛ ፀጉር ታደርቃለች።

እረፊ አልሰማቻትም። የካስኩ አንገት ላይ ታችና ላዩ የተቆረጠ የዱቄት ወተት ጣሳ ተከለች። ጣሳው ውስጥ በሸክላ ስባሪ ላይ የምድጃዋን ሽቦ አስቀመጠች። ከሽቦው በላይ ቡናው የሚያርፍበት፣ ማለት የማያርፍበት፣ የሽቦ ማጥለያ። ከማጥለያው በላይ ደግሞ ፍሬው ሲዘል እንዲታያት የፋኖስ ብርጭቆ። ሁለት ገመድ ወጣ፤ አንዱ ለነፋሱ፣ አንዱ ለእሳቱ። የእሳቱን ሶኬት በቀይ ጥፍር ቀለም ቀባችው፣ የነፋሱን በነጭ። ሕጉንም በዚያው ቀይ ቀለም ጣሳው ላይ ጻፈች፦ ነፋስ ቀድሞ ይበራል፣ ኋላ ይጠፋል። ነፋሱ ቆሞ እሳቱ ከቀረ ቡናውም ሽቦውም እንደማይተርፉ ከማክሰኞ ተምራለች። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ቶሎ እንደሚቀላም ጣቷ ነግሯታል፤ እስካሁን ፋሻ እንደተጠመጠመባት ነው።

ሐሙስ ቡናው ዘለለ። ብርጭቆው ውስጥ እንደ ንብ መንጋ ተነሥቶ ዞረ። ገለፈቱ ግን፣ ያ ቡና ሲቆላ የሚላቀቀው ስስ ልብሱ፣ ከብርጭቆው አፍ እየተተፋ ፀጉር ቤቱን ሞላው። ገና ከማጠቢያው የተነሣች አንዲት ደንበኛ እርጥብ ራሷ ላይ ሁሉም አረፈባት። ላባ እንዳበቀለች ጫጩት መስላ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየችና ሳትከፍል ወጣች። እናትየው ይህንንም ከቅዳሜ ማታው ሒሳብ ጋር ደመረችው።

አጎትየው በነዚህ ቀናት ሁሉ የጓሮው በር ላይ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ይቀመጥ ነበር። የሚያሾፍ መስሎ ነው የሚመጣው፤ ጆሮው ግን ማሽኑ ላይ ነው። ዐርብ ሲሆን ማሾፉን ተወና ያስተምራት ጀመር። መጀመሪያ እንደ እርጥብ ሣር ይሸትሻል፣ ያን ጊዜ ዝም በዪው። ቀጥሎ እንደ ዳቦ። ከዚያ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደምትሰሚው መንጣጣት ይጀምራል። ብዙ ሰው ሲንጣጣ ይደነግጥና ያወጣዋል። አትደንግጪ። ተንጣጥቶ ተንጣጥቶ ዝም ሊል ሲል፣ ዝም ሲል ሳይሆን ዝም ሊል ሲል፣ ያኔ እሳቱን ንሺው። እረፊ ልዩነቱ ምንድን ነው ብትለው፣ ዝም ብለሽ ከቆምሽ ትሰሚዋለሽ አላት። እሷ ደግሞ ያ ነገር አይሆንላትም፤ ማዳመጥ ስትጀምር እግሯ መሄድ ይጀምራል። ስለዚህ ማዳመጡን ለእሱ፣ ማየቱን ለራሷ ከፋፈሉት።

በዚያ ቀን አንድ እፍኝ እኩል ወጣላት። አጎትየው አንድ ፍሬ አንሥቶ በጥፍሩ ሰነጠቀ፣ ሁለቱን ግማሾች አስተያየና ወጣ። ደስ ብሎት ነው ብላ ልቧ ሊፈነዳ ሲል ከጓሮ የምጣድ ድምፅ ሰማች። ብረት ምጣዱን በአሸዋ እየፈተገ ነበር። እንጨቱንም ራሱ ፈልጦ ጨርሷል።

ቅዳሜ እረፊ የቁርስ ዳቦዋን የበላችው እየዞረች ነው። የሁለቱን ሶኬት ጥብቀት አሥር ጊዜ አየች። የኮስታራዋን ሁለት ጣሳ ጥሬ ቡና አንድ በአንድ ለቀመችው። ማሽኑ የሚቆላው በአንድ ጊዜ አንድ ጣሳ ስለሆነ ሁለት ዕድል አላት ማለት ነው። የመጀመሪያው ለሴትዮዋ፣ ሁለተኛው ለክፉ ቀን።

ኮስታራዋ ከቀጠሮው ሩብ ሰዓት ቀድማ መጣች። መቀመጫ ስላልነበረ ደህናው ካስክ ሥር ተቀመጠች፤ ክዳኑ ራሷ ላይ እንደ ዘውድ ተንጠለጠለ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ራስ የሌለውን ካስክ፣ የወተት ጣሳውንና የፋኖሱን ብርጭቆ ተራ በተራ አየች። አዲሷ ፊቷ ላይ ምንም እንዳላየችባት በኋላ ተናግራለች።

እረፊ ሁሉንም በየቦታው አቆመች። አዲሷ ከሶኬቶቹ አጠገብ፣ ሲነግሯት እንድትነቅል ሁለቱን ገመድ በሁለት እጇ ይዛ። አጎትየው ከመጋረጃው ወዲያ። እናትየው ማበጠሪያዋን ይዛ፣ ፊቷን አጥቁራ፣ መስታወቱ ጋ። ነፋሱ በራ፤ ካስኩ እንደ ድሮው ማጓራት ጀመረ። እሳቱ በራ። ቡናው ተነሣ፣ ዞረ። ሣር ሸተተ። ዳቦ ሸተተ። እረፊ ብርጭቆውን በዐይኗ ይዛ በማሽኑ ዙሪያ እየተሽከረከረች ነው። ገለፈቱ ተነሥቶ በየትከሻው አረፈ። የመጀመሪያው ጧታ ተሰማ፣ ሁለተኛው ተከተለ።

አጎትየው ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ያላማረው ነገር ሰማ። መንጣጣቱ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚመጣው። ጥቂት ፍሬ ማጥለያው ጥግ ላይ ተይዟል፤ ጣሳውን መታ ብታደርገው ይለቃል። ይህን ሊነግራት ስሟን ጠራ።

«እረፊ!»

አዲሷ አረፈች። ማረፍ ያለበትም ለእሷ የሚጮኸው ነው፤ እሳቱ ድምፅ የለውም፣ የሚያጓራው ነፋሱ ነው። ነጩን ሶኬት ነቀለችና እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ጸጥታው መጣ። ቡናው እንደ ዝናብ ወደ ታች ረገፈና ከቀላው ሽቦ በላይ ማጥለያው ላይ ተኛ። እረፊ ምን እንደሆነ ለማወቅ የወሰደባት አንድ ትንፋሽ ነው፤ ቀዩን ሶኬት ዘላ ስትነቅለው ሽቦው ቀድሟት ጧ ብሎ ተበጠሰ። ጭሱ ከብርጭቆው አፍ እንደ ቧንቧ ውሃ ፈሰሰ። አጎትየው መጋረጃውን ገንጥሎ ገባ፣ ጭሱን ሳበ፣ ከወገቡ ታጠፈ። እህቱ ብብቱን ይዛ ወደ ጓሮ መልሳ አወጣችው። ሲስልም፣ ሲወጣም አንድ ቃል ነው የሚደጋግመው፣ «ምጣዱን… ምጣዱን…»

አዲሷ እጇን እንዳጣጠፈች ቆማለች። «እረፊ ተባለ» አለች በቀጭን ድምፅ። እረፊ ልትጮህባት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ምን ትበላት? እውነትም ተብሏል።

ከጓሮ ክብሪት ሲጫር ተሰማ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ያዘ መሰል የእንጨት ጭስ ሽታ ገባ፣ ከጭሱ ጋር ሳሉ። ኮስታራዋ ቦርሳዋን አንሥታ ከካስኩ ሥር ልትወጣ ጎንበስ አለች፤ ጓሮ ወዳለው እሳት ልትሄድ ነው ወይም ወደ ቤቷ፣ ፊቷ አይናገርም።

እናትየው ከጓሮ የተመለሰችው በዚህ ጊዜ ነው። የካስኳን ሬሳ አየች፣ ልጇን አየች፣ ወደ ጓሮው አንዴ ዘወር ብላ አየች። ከዚያ ማበጠሪያዋን አንሥታ ወደ ሴትዮዋ ሄደች።

«እትዬ፣ ገለፈት ሞልቶብዎታል። እንዲህ ሆነው ከእኔ ቤት ቢወጡ ስሜ ይጠፋል። ላራግፍልዎት።»

መልስም አልጠበቀች። ማበጠሪያው ገብቷል። ሃያ ዓመት ፀጉር የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ማበጠሪያ ፀጉሯ ውስጥ እያለ ተነሥታ የምትሄድ ሴት የለችም። ኮስታራዋ ተመልሳ ተቀመጠች። እናትየው አንዱን ገለፈት አንሥታ፣ አይታ፣ አስቀምጣ፣ ሌላውን ፍለጋ ሄደች። እንዲህ ቀስ ብላ ስትሠራ እረፊ በዕድሜዋ አይታት አታውቅም።

እረፊ ያረረውን ገለበጠች። የተበጠሰውን ሽቦ ሁለት ጫፍ በፒንሳ ጠምዝዛ አገናኘችው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፤ ሽቦውም በራሱ አጥሯል። ያጠረ ሽቦ ደግሞ ቶሎ ይቀላል፣ ከቅድሙ እጅግ ይፈጥናል። ዐይኗ እስኪያይ አይጠብቃትም። ጆሮ ያስፈልጋታል፤ ጆሮዋ የነበረው ሰው ጓሮ ውስጥ ከራሱ ሳል በቀር የሚሰማው የለም።

አዲሷን በትከሻዋ ይዛ አዞረቻት። የቀዩን ገመድ ብቻ በእጇ አስያዘቻት፤ ነጩን ራሷ ሰክታ ወንበር አስደገፈችበት።

«ስሚኝ። ከእንግዲህ ማንም እረፊ ቢልሽ፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ አታርፊም። ሩጪ ስልሽ ግን ቀዩን ትነቅያለሽ። ማን ስልሽ?»

«አንቺ ስትዪኝ።»

«ምን ስልሽ?»

«ሩጪ ስትዪኝ።»

ነፋሱ በራ። እሳቱ በራ። የቀረው ጣሳ ቡና ገባ፤ ተነሣ፣ ዞረ፣ ብርጭቆውን እየመታ ዘለለ። ሣሩ ገና ሳይሸት ዳቦው መጣ። ጓሮ ውስጥ ምጣዱ እየጋለ ነው፤ ብረቱ ሲሰፋ የሚያሰማት ያች ትንሽ ድምፅ ትታወቃለች። ሳሉ ረዘመ። እረፊ እግሯ ወደ ጓሮው መሄድ ፈለገ። ወደ ማሽኑ ጀርባ፣ ወደ ሶኬቱ፣ ወደ በሩ፣ ወደ ሁሉም ቦታ መሄድ ፈለገ። አንዱን እግሯን በሌላው ረገጠችና ቆመች።

መንጣጣቱ ጀመረ። ከሁሉም ወገን ነው፣ እንደ ጭራሮ ክምር። የካስኩ ማጓራት አለ፣ ከእሱ ሥር መንጣጣቱ፣ ከመንጣጣቱ ሥር ሳሉ፣ ከሳሉ ሥር የማበጠሪያው ጥርስ። አንድ በአንድ እየለየች ወደ ጎን አደረገቻቸውና መንጣጣቱ ብቻ ቀረ። ወፈረ። ጠነከረ። ከዚያ እንደ ገበያ ማምሻ ሰው እየሄደ፣ እየሄደ፣ ቀጠነ። አንድ። ትንሽ ቆይቶ አንድ። ቀጣዩ ሊመጣ ይመስላል፣ ላይመጣም ይመስላል። እዚህ ጋ ነው።

«ሩጪ» አለች።

አዲሷ ሮጠች። እውነትም ሮጠች፤ የፀጉር ቤቱን በር በርግዳ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ መንገዱ መሀል ደርሳ ቆመች። ደግነቱ ገመዱን አልለቀቀችውም ነበር፤ ቀዩ ሶኬት ከግድግዳው ተነቅሎ ተከትሏት ወጣ። እሳቱ ጠፋ፤ ነፋሱ ቀረ። ቡናው በቀዝቃዛ ነፋስ እየዘለለ፣ የመጨረሻ ገለፈቱን እየተፋ በረደ።

እረፊ የቢጎዲን ማስቀመጫውን ትሪ ገልብጣ ቡናውን አፈሰሰችበት። ኮስታራዋ ተነሣች። እናትየው ማበጠሪያዋን አወጣች። ሴትዮዋ ሳታይ ከትሪው ስድስት ፍሬ አነሣች፤ አንዱን ከዳር፣ አንዱን ከመሀል፣ አንዱን ከሥር እያለች። መዳፏ ላይ ደረደረቻቸው። ስድስት መንታ። አንዱን አፏ ውስጥ ከታ ሰበረችው። ጓሮው በር ላይ አጎትየው ቆሟል፤ ፊቱ ጥላሸት፣ እጁ ላይ የክብሪት ሳጥን፤ ከኋላው ባዶ ምጣድ ይጨሳል።

«ይሄ የእሱ እጅ አይደለም» አለች ኮስታራዋ።

አጎትየው አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

«የእሱ ቡና አንድ ጉንጩ ጠቆር ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ደህና በነበረበት ጊዜም። ዐይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ይሄኛው ጉንጭ የለውም።» ሁለተኛውን ፍሬ ሰበረች። ረጅም ጊዜ አላመጠች። «ደንበኞቼ ምን ነካው ብለው ይጠይቁኛል።» ሦስተኛውን ሰበረች። «ይጠይቁ።»

ትሪውን ቦርሳዋ ውስጥ ገለበጠችው። ሰኞ የዚህን አምስት እጥፍ እፈልጋለሁ፣ ሐሙስ ደግሞ አሥር አለችና በሩ ጋ ስትደርስ ከመንገድ የምትመለሰውን አዲሷን አሳልፋ ወጣች። እናትየው አንድ ገለፈት ከሴትዮዋ ጆሮ ኋላ ተርፎ እንደነበረ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

አጎትየው አንዲት ፍሬ ወለል ላይ አይቶ አነሣት። ፊትና ኋላዋን አገላበጣት፤ ጉንጯን እየፈለገ ነው። የለም።

«ዝም ሲል ነው ያወጣሽው ወይስ ዝም ሊል ሲል?» አላት።

«ዝም ሊል ሲል።»

«ቆመሽ?»

«ቆሜ።»

ራሱን ነቀነቀ። አላመናትም መሰል፤ ወይም አምኗት ይሆናል የከፋው። የክብሪቱን ሳጥን ለእህቱ ሰጣትና ጓሮ ሄዶ እሳቱ ላይ ውሃ ደፋ። ምጣዱ ሲበርድ ራሱ ተሸክሞ አስገባው። ምን ላድርገው አላት እህቱን። እሷም ትንሽ አሰበችና በየወለሉ የተበተነውን ቢጎዲን ሁሉ ሰብስባ ገለበጠችበት። ልክ ሆነለት። አጎትየው ቆሞ ሲያይ ቀኝ እጁ ሳያውቀው ገባና ቢጎዲኑን አንዴ አማሰለው።

እረፊ በዚህ ጊዜ ተመልሳ መዞር ጀምራለች። አንዱ ማሽን በአንድ ጊዜ አንድ ጣሳ ነው። አምስት እጥፍ ለሰኞ። አሥር ለሐሙስ። ሽቦው የተጠገነ ነው፣ ማጥለያው ጠቁሯል። አንድ ማሽን አይበቃም። ስትዞር ስትዞር እግሯ ግድግዳው ሥር አደረሳትና ቀና ስትል ደህናው ካስክ ክዳኑን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ሁለቱንም ጆሮ የሚያሞቅ፣ ሞተሩ ፀጥ ያለ፣ ብቻውን ተቀምጧል። አየችው። እናቷም ስታየው አየቻት።

«እረፊ» አለች እናትየው።

ስሟን መጥራቷ ይሁን ወይም ተይው ማለቷ፣ እዚያ ቤት ውስጥ የገባው ሰው አልነበረም። አዲሷ ግን ለማንኛውም ብላ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።